ቲኤልኤስ 1.0 እና 1.1ን እንዝጋ ወይስ ለአሮጌ መሣሪያዎች ክፍት እንተዋቸው?

የቱሉ ዲምቱው (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ በሚገኝ አንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ የኮምፒውተር ሥራውን የምከታተል ባለሙያ ነኝ። ሰርቨራችን ከሒሳብ ክፍሉ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሲሆን፣ በአንድ በኩል አባላት ቀሪ ሒሳባቸውን በስልካቸው የሚያዩበትን ድረ ገጽ ያስተናግዳል፤ በሌላ በኩል ደግሞ ኮዬ ፈጬና አቃቂ ያሉት ሁለቱ ንዑስ ቢሮዎቻችን የዕለቱን ገቢና ወጪ ማታ ማታ ይልኩለታል። በሊኑክሱ ኡቡንቱ 16.04 ላይ ኤንጂንኤክስ የተባለው የድረ ገጽ ማስተናገጃ ፕሮግራም ይሠራል፤ የገጹን ማንነት የሚያረጋግጠው ሰርተፊኬት በግዢ የተገኘ ነው።

ነገሩ የተነሣው ክፍያ የምናስተላልፍበት ባንክ በጻፈልን ደብዳቤ ነው። ከሚቀጥለው ሩብ ዓመት ጀምሮ ከቲኤልኤስ (ስልክና ሰርቨር የሚለዋወጡትን የሚመሰጥረው የግንኙነት ደንብ) 1.2 በታች የሆነ ግንኙነት እንደማይቀበል አሳውቆናል። የእኛን ሰርቨር ስመለከተው 1.0፣ 1.1 እና 1.2 ሦስቱም ተፈቅደው አገኘኋቸው። ሁለቱን አሮጌዎች ልዝጋቸው ብዬ ለሥራ አመራር ኮሚቴው ሳቀርብ ግን ሰብሳቢያችን የጠየቁኝን መመለስ አቃተኝ። «አሮጌ ስልክ የያዙት አባሎቻችን ነገ ጠዋት ገጹ አልከፈት ቢላቸው ምን ትላቸዋለህ?» ነበር ያሉት። ከአባሎቻችን ብዙዎቹ በቀን ሥራና በጉሊት የሚተዳደሩ ስለሆኑ ስጋታቸውን አቃልዬ ልመለከተው አልችልም። በዚህ ላይ የኮዬ ፈጬው ቢሮ የሚሠራበት የሒሳብ ፕሮግራም በጃቫ 7 የሚሠራ ነው፤ የሠራው ሰው ከአገር ከወጣ ቆይቷል። የቢሮዎቹ ኮምፒውተሮችም በአብዛኛው ዊንዶውስ 7 ናቸው።

እንግዲህ ማወቅ የምፈልገው፣ የባንኩን ጥያቄ ለማሟላት አሮጌዎቹን መዝጋት ግድ ይለኝ እንደሆነ፣ ብዘጋቸው ማን እንደሚቀርብኝ አስቀድሜ የማውቅበት መንገድ መኖሩንና፣ 1.3 የሚባለው በእንደኛ ዓይነት የሞባይል ዳታ ላይ በተመሠረተ አገልግሎት ውስጥ እውነተኛ ጥቅም ያለው መሆኑን ነው።


የገላኑ

ገላን ላይ በጭነት ሥራ ለተሰማራ አንድ ድርጅት ስሠራ ያጋጠመኝን ልንገርዎት። አለቃዬ «አሮጌው ሁሉ ይዘጋ» ስላሉኝ ዓርብ ማታ ዘግቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ቅዳሜ ማለዳ የመኪና ሚዛኑን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ከሰርቨሩ ጋር አልነጋገርም አለ። ያ ኮምፒውተር ዊንዶውስ ኤክስፒ መሆኑን ያወቅሁት የጭነት መኪኖቹ ከግቢው አልፈው አስፋልቱ ዳር ከተሰለፉ በኋላ ነበር። እስከ አምስት ሰዓት ድረስ ሾፌሮቹ ያሉኝን እዚህ መጻፍ አይገባም።

ስለዚህ ምክሬ ቀላል ነው፤ አይንኩት። አዲሱ መሣሪያ ሁልጊዜም ከሰርቨሩ ጋር የሚስማማበትን ከፍተኛውን ስሪት ስለሚመርጥ፣ 1.0 ተፈቅዶ መቀመጡ በ1.2 የሚገባውን ሰው የሚጎዳው ነገር የለም። አሮጌው በር ለአሮጌዎቹ ብቻ ያገለግላል።


ለገጣፎ

የገላኑ ወዳጃችን የተናገሩት ከፊሉ ትክክል ነው፤ የቅዳሜው ጠዋት ትምህርትም አይናቅም። ነገር ግን መጀመሪያ አንድ የተደባለቀ ነገር ልለይ።

የባንኩ ደብዳቤ እና የእርስዎ ድረ ገጽ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ክፍያ ወደ ባንኩ ሲልኩ ሰርቨርዎ ራሱ ደንበኛ ሆኖ ነው የሚቀርበው፤ በዚያ ጊዜ የሚወስነው ክፍያውን የሚልከው ፕሮግራምና ከሥሩ ያለው የምስጠራ ቤተ መጻሕፍት (ፕሮግራሞች የሚጋሩት የኮድ ስብስብ) እንጂ ኤንጂንኤክስ ላይ የተጻፈው የፈቃድ መስመር አይደለም። ያ መስመር የሚገዛው ወደ እርስዎ የሚመጡትን ብቻ ነው። ኡቡንቱ 16.04 ይዞት የመጣው ቤተ መጻሕፍት ኦፕን ኤስኤስኤል 1.0.2 ሲሆን፣ እሱ ደግሞ ቲኤልኤስ 1.2ን ያውቃል። በመሆኑም የክፍያው ፕሮግራም በግድ 1.0ን እንዲጠቀም ተደርጎ ካልተጻፈ በቀር ለባንኩ ምንም ሳይነኩ መልስ ሊሰጡ ይችላሉ። እንዲያውም ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ የመግቢያውን በር ዘግተው ባንኩን ያረካሉ ብለው ያስባሉ፤ ወደ ባንኩ የሚወጣው ፕሮግራም ግን እንደ ድሮው ይቀጥላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። የገላኑ እንዳሉት አዲስ ብራውዘር ከፍተኛውን ስሪት ይመርጣል። ድሮ ግን እንዲህ ብቻ አልነበረም። አንዳንድ ሰርቨሮች አዲስ ስሪት ሲቀርብላቸው ግንኙነቱን ያቋርጡ ስለነበር ብራውዘሮቹ በበኩላቸው አንድ ደረጃ ዝቅ ብለው እንደገና የመሞከር ልማድ ነበራቸው። መሐል የተቀመጠ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሙከራዎች ሆን ብሎ በማቋረጥ ሁለቱን ወገኖች ከቲኤልኤስ በፊት ወደነበረው አሮጌው ኤስኤስኤል 3.0 ሊያወርዳቸው ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. (ቀጥሎ የምጠቅሳቸው ቀኖችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በጥቅምት 2014 የጉግል ተመራማሪዎች ይፋ ያደረጉት ፑድል የተባለው ጥቃት በዚሁ ቀዳዳ የሚገባ ነበር። ያ ስሪት በሰኔ 2015 በይፋ ተከለከለ። የዛሬዎቹ ዋና ዋና ብራውዘሮች ያንን ዝቅ ብሎ የመሞከር ልማድ ትተውታል፤ ስለዚህ በአዲስ ስልክ የሚገባው አባል የእርስዎ 1.0 ክፍት በመሆኑ ዛሬ ብዙም አይጎዳም የሚለውን እቀበላለሁ።

የሚጎዳው ማን ነው ቢባል፣ በሩ የተተወለት ሰው ራሱ ነው። አሮጌ ስልክ የያዘው አባል የይለፍ ቃሉን በ1.0 ውስጥ ያሳልፋል። ቲኤልኤስ 1.0 በጥር 1999 የወጣ ነው፤ በ2011 ቢስት የተባለው ጥቃት የምስጠራውን እሽጎች አያያዝ ደካማነት አሳይቷል። 1.0ም ሆነ በ2006 የመጣው 1.1 በመነሻው ትውውቅ ላይ የሚደገፉት ኤምዲ5 እና ሻ-1 በተባሉ የማተሚያ ስልቶች ነው፤ ከእነዚህ ሁለተኛው በየካቲት 2017 ሁለት የተለያዩ ፋይሎች አንድ ዓይነት አሻራ እንዲኖራቸው ተደርጎ በአደባባይ ተሰብሯል፤ የመጀመሪያው ከዚያ ብዙ ዓመታት ቀደም ብሎ ነበር የወደቀው። የፕሮቶኮሎቹ ባለቤት የሆነው አይኢቲኤፍ በመጋቢት 2021 ባወጣው አርኤፍሲ 8996 በተባለ ሰነድ ሁለቱንም ከአገልግሎት ውጪ አድርጓቸዋል። በካርድ ክፍያ ዓለም ደግሞ ቀነ ገደቡ ከዚያም በፊት፣ ሰኔ 30 ቀን 2018 ነበር። ሰብሳቢዎ «ለአባላቱ ብለን እንተወው» ካሉ፣ እየተዉ ያሉት ለእነዚያ አባላት ደካማውን መቆለፊያ መሆኑን ቢነግሯቸው ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) ከወጣም ወዲህ የሰው የሒሳብ መረጃ የያዘ ማኅበር ይህን ጥያቄ ከባንኩ በፊት ራሱን ቢጠይቅ ይመረጣል።

ማን እንደሚቀርብዎት የማወቂያው መንገድ ግን አለ፤ ከዚህ ሁሉ ክርክር የሚጠቅምዎትም እሱ ነው። ኤንጂንኤክስ እያንዳንዱ ጎብኚ በየትኛው የቲኤልኤስ ስሪትና በየትኛው የምስጠራ ጥምረት እንደገባ ያውቃል፤ ይህንኑ በሎግ (የጎብኚዎች መዝገብ) መስመሩ ላይ እንዲጽፍ ማድረግ የሁለት ቃል ጭማሪ ነው። ከጎኑ የብራውዘሩንና የመሣሪያውን ማንነት የሚገልጸውን ጽሑፍ፣ እንዲሁም የገባው አባል ከሆነ የተጠቃሚ ቁጥሩን ያክሉበት። ከዚያ ምንም ሳይዘጉ ይጠብቁ። ሁለት ሳምንት ይበቃል የሚሉ አሉ፤ እኔ ለእናንተ አይበቃም እላለሁ፤ ምክንያቱም የቁጠባ ማኅበር ሰው የሚበዛበት የደመወዝ ሰሞንና የወር መጨረሻ ነው፤ በወር አንድ ጊዜ ብቻ የሚነሣ መሣሪያም ሊኖር ይችላል። ቢያንስ አንድ ሙሉ ወር፣ መዝጊያ ቀኑን ጨምሮ፣ ሎጉ ይሰብስብ።

ስለ መሣሪያዎቹ የማውቀውን ላስቀምጥ። ዋና ዋና ብራውዘሮች በ2020 ለ1.0 እና ለ1.1 የሚሰጡትን ድጋፍ ማንሣት ስለጀመሩ፣ ስልኩ ላይ የታደሰ ብራውዘር ያለው አባል አስቀድሞም በ1.2 ወይም ከዚያ በላይ እየገባ ነው። አንድሮይድ 1.2ን ከ4.1 ጀምሮ ያውቀዋል፤ ሳይጠየቅ መጠቀም የጀመረው ግን ከ5.0 ወዲህ ነው። ስለዚህ የሚያሳስቡዎት ከ5.0 በታች የሆኑና ከስልኩ ጋር አብሮ የመጣውን አሮጌ ብራውዘር የሚጠቀሙ ናቸው፤ ከእነሱም ውስጥ ክሮምን የጫነ ሰው ብራውዘሩ የራሱን የምስጠራ ቤተ መጻሕፍት ስለሚይዝ ያልፋል። ዊንዶውስ 7 ላይ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 11 በ1.2 ይገባል፤ አስቸጋሪዎቹ ከብራውዘር ውጪ የሆኑት፣ የዊንዶውስን የራሱን የግንኙነት አገልግሎት የሚጠቀሙ ፕሮግራሞች ናቸው፤ ለእነሱ ማይክሮሶፍት ያወጣውን አፕዴት መጫንና በሬጂስትሪ (የዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ) ውስጥ ማስተካከያ ማድረግ ያስፈልጋል። ጃቫ 7 ደግሞ እንደ አንድሮይድ 4 ነው፤ 1.2ን ያውቃል፤ ደንበኛ ሲሆን ግን ሳይጠየቅ አያወጣውም። ፕሮግራሙ የጃቫን የራሱን ግንኙነት የሚጠቀም ከሆነ፣ ሲነሣ የትኞቹን ስሪቶች እንዲጠቀም የሚነግር አንድ መመሪያ በማስነሻ ፋይሉ ውስጥ ማስገባት ሊበቃ ይችላል። የሠራው ሰው ባይኖርም የማስነሻ ፋይሉ አለ።

ስለ 1.3 ደግሞ፣ ፋሽን አይደለም። ነሐሴ 2018 በአርኤፍሲ 8446 የወጣው ይህ ስሪት ሁለት ነገር ይለውጣል። አንደኛው ፍጥነት ነው። በ1.2 ስልኩና ሰርቨሩ ትውውቃቸውን ለመጨረስ ሁለት ጊዜ መመላለስ ሲኖርባቸው፣ በ1.3 አንድ ጊዜ ይበቃቸዋል። ከእሱ በፊት ያለውን የኔትወርክ ግንኙነት አንድ ምልልስ ብንጨምር፣ ሦስት የነበረው ሁለት ይሆናል ማለት ነው። አንድ ምልልስ 50 ሚሊ ሰከንድ በሚወስድበት መሥመር ላይ ልዩነቱን ማንም አያየውም፤ ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ኔትወርኩ ተጨናንቆ አንዱ ምልልስ 400 ሚሊ ሰከንድ ሲፈጅ ግን 1200 የነበረው ወደ 800 ይወርዳል፤ ይህን አባሉ በዓይኑ ያየዋል።

ሁለተኛው ለእናንተ ከፍጥነቱ ይበልጣል። በ1.2 ውስጥ አሁንም የሚፈቀድ አንድ የቁልፍ አሰጣጥ አለ፤ ስልኩ የዕለቱን ምስጢር በሰርቨሩ የአርኤስኤ ቁልፍ ቆልፎ ይልካል። በዚህ አሠራር የተመሰጠረውን ግንኙነት ለወራት ሲቀዳ የኖረ ሰው፣ አንድ ቀን የሰርቨሩን ቁልፍ ቢያገኝ ያለፈውን ሁሉ ወደ ኋላ ይከፍተዋል። ሰርቨሩ ከሒሳብ ክፍሉ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ነው ያለው ብለውናል፤ ሌባ ዲስኩን የሚወስደው ለመሸጥ ብሎ ይሆናል፤ ቁልፉ ግን በውስጡ አለ። 1.3 ይህን አሠራር ሙሉ በሙሉ ስላስወጣው፣ ለእያንዳንዱ ግንኙነት አዲስ ቁልፍ ይፈጠራል፤ ካለቀ በኋላም ይጣላል። በ1.2ም ቢሆን በኢሲዲኤችኢ (ለየግንኙነቱ አዲስ ቁልፍ በሚፈጥረው ስልት) የሚጀምሩትን ጥምረቶች ብቻ ከፈቀዱ ይህንኑ ያገኛሉ፤ ከእነሱም ኤኢኤስ-ጂሲኤም የተባለውን የምስጠራ ስልት፣ ኦፕን ኤስኤስኤልዎ ሲታደስም ቻቻ20ን ይያዙ፤ ሁለተኛው ኤኢኤስን የሚያፋጥን ቺፕ በሌላቸው ርካሽ ስልኮች ላይ ይፈጥናል። ስለዚህ «1.2ን ፈቅጃለሁ» ማለት ብቻውን ሥራው ተጠናቀቀ ማለት አይደለም።

ኡቡንቱ 16.04 ግን 1.3ን አያገኝም፤ ኦፕን ኤስኤስኤል ያወቀው ከ1.1.1 ጀምሮ፣ መስከረም 2018 ነው። የ16.04 መደበኛ ድጋፍም በ2021 አብቅቷል። ወደ 24.04 መሸጋገር ይኖርብዎታል፤ ይህን በአንድ ምሽት ከመዝጊያው ጋር ደርበው እንዳይሠሩት፤ ችግር ሲመጣ የየትኛው ለውጥ እንደሆነ አያውቁትም። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ 1.3 ውስጥ ተመላሽ ደንበኛ ትውውቁ ሳያልቅ ጥያቄውን እንዲልክ የሚፈቅድ ፈጣን መንገድ አለ። በዚያ መንገድ የገባ ጥያቄ በሌላ ሰው ተቀድቶ በድጋሚ ሊላክ ይችላል። ገንዘብ በሚንቀሳቀስበት ገጽ ላይ አይክፈቱት። ኤንጂንኤክስ ከመነሻው ዘግቶ ስለሚያቀርበው፣ ማድረግ ያለብዎት አለመንካት ነው።


የሰበታው

ለገጣፎ ከጻፉት ላይ የምጨምረው ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ቀን አባክኖብኛል። አሮጌ መሣሪያ አልገባም ሲል ሁልጊዜ የስሪቱ ጉዳይ እንዳይመስልዎት።

እኛ ጋ አንድ የዕቃ ግምጃ ቤት ኮምፒውተር ከሰርቨሩ ጋር አልገናኝ ብሎ፣ በሰርቨሩ በኩል ያልፈቀድኩት ስሪት አልነበረም። በመጨረሻ የተገኘው ምክንያት ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ባትሪ ሞታ ነበር፤ መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ይጠፋል። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ጠዋት ጠዋት ቀኑን በእጃቸው ያስገባሉ፤ የሚያስገቡት ደግሞ ከግድግዳው ካላንደር ላይ አይተው በእኛ ዘመን አቆጣጠር ነው። ኮምፒውተሩ ሰባት ዓመት ከነወራቱ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ሰርተፊኬቱ ገና ሥራ ላይ መዋል ያልጀመረ መስሎት እንቢ ይላል። ኃላፊው አልተሳሳቱም፤ የጻፉት ቀን ትክክል ነበር።

ሌላው የሥር ሰርተፊኬት (መሣሪያው አስቀድሞ የሚያምነው፣ ሌሎቹ ሰርተፊኬቶች የሚረጋገጡበት) ጉዳይ ነው። እናንተ ገዝታችኋል ብለዋል፤ ወደ ነፃው ሌትስ ኢንክሪፕት ለመዛወር ካሰቡ ግን ከአንድሮይድ 7.1.1 በታች ያሉ ስልኮች የድርጅቱን የራሱን ሥር ሰርተፊኬት እንደማያውቁት ይያዙ። ለብዙ ጊዜ ያሻገራቸው የድሮው ማረጋገጫ እ.ኤ.አ. በ2024 አብቅቷል። ያንን ለውጥ 1.0ን ከሚዘጉበት ሰሞን ጋር ከደረቡት፣ አባሉ የሚያየው ማስጠንቀቂያ ተመሳሳይ ስለሚመስል ጥፋቱን ሁሉ በስሪቱ ላይ ይጥላሉ።


የቱሉ ዲምቱው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በተሰጠኝ ምክር መሠረት ሎጉን አስተካክዬ ከወሩ መግቢያ እስከ መዝጊያው ሰበሰብኩ። ሰብሳቢያችን የፈሩትን ያህል አልሆነም። ከ1.2 በታች ሲገቡ የተገኙት የኮዬ ፈጬው የሒሳብ ፕሮግራምና ሦስት ስልኮች ብቻ ናቸው። ከሦስቱ ስልኮች የአንደኛው ባለቤት የራሳችን የሌሊት ጥበቃ ስለሆኑ ችግሩን በር ላይ ቆመን ጨረስነው፤ ስልካቸው አንድሮይድ 4.4 ነው፤ የሚጠቀሙት አብሮት የመጣውን ብራውዘር ነበር፤ ስልኩ ውስጥ ሳይከፈት በኖረው ክሮም ሲገቡ ሎጉ 1.2 ብሎ መዘገባቸው። ሁለቱን ሴት አባሎቻችንን ለመዋጮ ሲመጡ እንዲሁ አደረግንላቸው። የጃቫው ፕሮግራም የማስነሻ ፋይሉ ውስጥ መመሪያው ከገባለት በኋላ ማታ የላከው ዝርዝር በ1.2 ደረሰ። ወደ ባንኩ የሚወጣውም ለገጣፎ እንዳሉት አስቀድሞም በ1.2 ነበር።

ያልገባኝ አንድ ነገር ግን አለ። የድረ ገጹን የኤንጂንኤክስ ፋይል ከፍቼ 1.2 ብቻ እንዲፈቀድ አድርጌ፣ አገልግሎቱንም እንደገና አስነሥቼ፣ ከሌላ ኮምፒውተር በ1.0 ስሞክረው አሁንም ይገባል። ፋይሉን ሦስት ጊዜ አየሁት፤ ስሕተት የለበትም። ከቤቴ ላፕቶፕ ስሞክረው ደግሞ በ1.0 አልገባም ይላል። የትኛውን ልመን?


ለገጣፎ

በአንድ አድራሻ ላይ ከአንድ በላይ ድረ ገጽ እያስተናገዱ እንደሆነ እገምታለሁ። ደንበኛው የትኛውን ገጽ እንደሚፈልግ ሳይታወቅ ስሪቱ የሚመረጥበት ሁኔታ ስላለ፣ ኤንጂንኤክስ ስሪቱን የሚወስደው በዚያ አድራሻ ላይ ቀዳሚ ሆኖ ከተመዘገበው ገጽ ነው። እርስዎ ያስተካከሉት የአባላቱን ገጽ ፋይል ነው፤ ቀዳሚው ግን ምናልባት ሲጫን አብሮ የመጣው ባዶ ገጽ ወይም የቀድሞው ባለሙያ የተዉት ሌላ ፋይል ይሆናል። መስመሩን ከየገጹ ፋይል አውጥተው ሁሉንም በሚገዛው ዋና ፋይል ላይ ይጻፉት፤ በየፋይሉ ተበታትኖ የቀረውንም ይሰርዙ።

የላፕቶፕዎ መልስ ደግሞ ሊያታልልዎ ይችላል። አዲስ ኡቡንቱ የጫነ ኮምፒውተር ላይ ያለው ኦፕን ኤስኤስኤል 1.0ን ራሱ ስለማይፈቅድ፣ ሙከራው የሚወድቀው ጥያቄው ከላፕቶፑ ሳይወጣ ነው። ሰርቨሩ ተዘግቷል ማለት አይደለም። ያኛው ኮምፒውተር የነገረዎት ነው እውነቱ። ከእንግዲህም ስትፈትሹ፣ መፈተሻው በ1.0 መናገር የሚችል መሆኑን 1.0 ክፍት በሆነ ሌላ ሰርቨር ላይ አስቀድማችሁ ሞክሩ።


የገላኑ

የእኔን ነገር ማንም አላነሣውም። የሚዛኑ ኮምፒውተር እስከ ዛሬ ኤክስፒ ነው፤ የሚዛኑ ፕሮግራም ከሌላ ጋር አይሠራም፤ ሚዛኑን መለወጥ ደግሞ የዓመት በጀት ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ ከ1.0 በላይ አያውቅም። ለእሱ ስል ሰርቨሩን ክፍት ከመተው በቀር ምን አማራጭ አለኝ?


ለገጣፎ

ይቅርታ፣ ላነሣው አስቤ ነበር። አማራጭ አለ። ሚዛኑ ቤት ውስጥ አንድ ትንሽ ኮምፒውተር፣ የተጣለ ላፕቶፕም ቢሆን፣ አዲስ ሊኑክስ ጭነው በኤክስፒውና በሰርቨሩ መካከል ያስቀምጡ። ኤክስፒው የሚነጋገረው ከእሷ ጋር ብቻ ይሆናል፤ እሷ የተቀበለችውን በ1.2 ወይም በ1.3 ወደ ሰርቨሩ ታሳልፋለች። ይህን የሚሠራ ኤስተነል የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ኤንጂንኤክስም ይበቃል። ደካማው ግንኙነት ከአንዲት ሦስት ሜትር ገመድ አይወጣም ማለት ነው።

ሁለት ነገር ግን አይርሱ። መካከለኛዋ ኮምፒውተር በዚያ ወገን ከኤክስፒው አድራሻ በቀር ማንንም እንዳትሰማ በፋይርዎል ይገድቧት፤ ኤክስፒውም ከእሷ በቀር ወደ ኢንተርኔት የሚወስድ መንገድ አይኑረው። ለእሷ የሚሰጧት ሰርተፊኬትና ቁልፍም የዋናው ሰርቨር ቅጂ አይሁን፤ ለብቻዋ አዲስ ይፍጠሩላት። እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነው ድራውን የተባለ ጥቃት ያሳየው ይህንን ነው፤ ዋናው ሰርቨር አሮጌውን ኤስኤስኤል 2.0 ዘግቶ እያለ፣ ያንኑ የአርኤስኤ ቁልፍ የሚጋራ ሌላ ሰርቨር፣ ብዙ ጊዜም የኢሜይል ሰርቨር፣ ክፍት ትቶት ስለተገኘ ብቻ የዋናው ግንኙነት ይፈታ ነበር።

አዲሷ ኮምፒውተር 1.0ን ከመነሻዋ እንደምትከለክልም ይወቁ። ኦፕን ኤስኤስኤል 3 ላይ የደኅንነት ደረጃውን ወደ ዜሮ ካላወረዱት 1.0 አይነሣም። ይህን በእሷ ላይ ብቻ፣ ለዚያ አንድ አገልግሎት ብቻ ያድርጉት።


የቱሉ ዲምቱው

ቀዳሚው ገጽ የቀድሞው ባለሙያ ለሙከራ የተዉት ፋይል ሆኖ ተገኘ። መስመሩን ወደ ዋናው ፋይል ካዛወርኩት በኋላ በዚያው ኮምፒውተር በ1.0ም በ1.1ም ስሞክረው አልገባም አለ። ሦስቱም ስልኮች ትናንት ገብተዋል፤ የኮዬ ፈጬው ዝርዝር ማታ 1:40 ላይ ደርሷል። ወደ 24.04 የሚደረገውን ሽግግር ኮሚቴው ከዓመቱ የሒሳብ መዝጊያ በኋላ እንዲሆን ወስኗል፤ 1.3ም እስከዚያው ይቆያል።

ለገላኑ፦ ማኅበራችን ውስጥ የማይሠራበት አንድ አሮጌ ላፕቶፕ አለ፤ ስክሪኑ ተሰብሯል እንጂ ሌላው ደህና ነው። ለመካከለኛነት ከበቃዎት ቢሮአችን ድረስ ብቅ ብለው ይውሰዱት።